የምህንድስና ተማሪ ልጆቻችን ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።



 የዛሬው ጉዳይ የጥበቃ መዋጮ ወይም የመንገድ መብራት አይደለም። ስለ ልጆቻችን ነው።

እንደሚታወቀው ከሰፈራችን በየዓመቱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ከእነሱም ውስጥ ምህንድስና የሚያጠኑ አሉ። አንዳንዱ እዚሁ አምስት ኪሎ ነው፤ አንዳንዱም አዳማ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ይመደባል። ቤተሰብ አምስት ዓመት ሙሉ ከጉሮሮው ነጥቆ ያስተምራል። ልጁ ይመረቃል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ በኋላ "እንግዲህስ?" ሲባል መልስ ይጠፋል። ሥራ ያገኘው ሥራ ይገባል። ትምህርቴን ልቀጥል የሚለው ግን መንገድ የሚያሳየው ሰው ያጣል፤ ወይም ደግሞ መንገድ አሳይሃለሁ በሚል ደላላ እጅ ይወድቃል።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ምህንድስና ላስተምራችሁ አልተነሣሁም። ነገር ግን የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝና ወላጆች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመጣሉ። "ልጄ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሊያመለክት ነው፤ ጥሩ ልጅ መሆኑን ጽፈህ ማኅተም ምታልን" የሚሉኝ እየበዙ ሄዱ። ነገሩን ሳላጣራ ማኅተም መምታት አልፈለግሁም። ስለዚህ ከሰፈራችን ሰዎች መካከል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትን ጠየቅሁ። ውጭ አገር ገብተው የሚማሩትን ልጆቻችንንም በስልክ አነጋገርኩ። ያገኘሁትን እነሆ ላካፍላችሁ።

ዋናው ነገር አንድ ነው። ለምህንድስና ከፍተኛ ትምህርት በር የሚከፍተው ነጥብ ብቻ አይደለም። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ በመምህር ሥር ሆኖ በገዛ እጁ የሠራው ጥናትና ያንን ሥራ በዓይኑ አይቶ የሚመሰክርለት መምህር ነው። ይህ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም፤ በማኅተምም አይመጣም፤ ጊዜ ይጠይቃል። ጊዜውን የምንሰጠውም የምንነሣውም እኛ ቤተሰቦቹና ጎረቤቶቹ ነን።

በመጀመሪያ ስለ ደብዳቤው ልናገር። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ይህን እንደ ዋስ ቁጠሩት። ብድር ስንጠይቅ ዋስ እንጠራለን አይደል? ዋሱ ሰውየውን የማያውቅ ከሆነ ዋስትናው ምን ዋጋ አለው? የማኅበራችን ማኅተም ለነዋሪነት ማስረጃ ይጠቅማል። ልጁ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደሠራ፣ ሙከራው ሲበላሽበት ተስፋ ቆርጦ ትቶት እንደሆነ ወይም እንደገና ጀምሮት እንደሆነ ግን ማኅተማችን አያውቅም። የሚያውቀው አብሮት የዋለው መምህር ነው። በጣም ትልቅ ሹመት ያለው ሰው "ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው" ብሎ ከሚጽፈው ይልቅ፣ አንድ ተራ መምህር "ይህን ጥያቄ ይዞ መጣ፣ እንዲህ አድርጎ ለካ፣ ስሕተቱን ራሱ አግኝቶ አረመ" ብሎ የሚጽፈው ይበልጣል። ስለዚህ እናቶች አትቀየሙኝ፤ ማኅተሙን የከለከልኩት ልጆቻችሁን ስለማይጠቅም ነው።

ጥናት ወይም ምርምር ሲባል ደግሞ ብዙዎቻችን የሚመስለን ነጭ ካፖርት ለብሶ ትልቅ መኪና ፊት መቆም ነው። እንደዚያ አይደለም። ጥናት ማለት አንድ መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ይዞ፣ ለክቶ፣ አስልቶ፣ የተገኘውን ሳይደብቁ መጻፍ ነው። ለዚህም ምሳሌ ከደጃችን አለን።

ባለፈው በበልግ ወራት አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ የውኃ ምህንድስና ተማሪ የሆነች፣ ለመመረቂያ ጥናቷ የታችኛውን ቦያችንን መርጣ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ያ ቦይ ሞልቶ ቤት ውስጥ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም "ቦዩ ጠባብ ነው" እንላለን። ልጅቷ ግን "እውነት ጠባብ ነው ወይ?" ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው ጥናት ማለት። የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ለካች፤ ቁልቁለቱን ለካች፤ የወለሉን ሻካራነት አየች። ውኃ በለስላሳ ሲሚንቶ ላይና በድንጋይ ላይ እኩል አይሮጥምና። ከዚያ የየቤቱን ጣሪያ ስፋት መዘገበች።

ጣሪያ ለምን ይለካል ላላችሁ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2000 ሊትር ውኃ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ብንደቅንበት 10 በርሜል ይሞላል። ይህ ከአንድ ቤት ብቻ ነው። አፈር ቢሆን የተወሰነውን ይመጥ ነበር፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ቦዩ ይለቁታል።

ታዲያ ልጅቷ ውኃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለማየት በቀይና በነጭ ቀለም የተሰመረ እንጨት ቦዩ ውስጥ አቁማ ነበር። በማግሥቱ እንጨቱ ተነቅሎ ተገኘ። እንደገና አቆመች፤ እንደገና ተነቀለ። ኮሚቴው ሲያጣራ ነገሩ የክፋት አልነበረም። "ሜትር ይዘው የሚለኩ ሰዎች መጡ፤ ቤት ሊያፈርሱ ነው" የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ፍርሃቱ ይገባኛል። ቤቱ የሚለካበት ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ነገር ግን የተነቀለው እንጨት የመንግሥት አልነበረም፤ የጎረቤታችን ልጅ የወደፊት ዕድል ነበር። የበልግ ዝናብ እንደምታውቁት ጥቂት ቀን ነው። ሁለት ጥሩ ዝናብ ሳይለካ አለፈ ማለት የጥናቱ ትልቅ ክፍል ጠፋ ማለት ነው። በመጨረሻ ሦስት እናቶች እንጨቱን ተረኛ ሆነው ስለጠበቁላት ልጅቷ ሥራዋን ለመጨረስ ቻለች። እነዚህን እናቶች በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ።

ያገኘችው ውጤት ምን ነበር? ቦዩ ጠባብ አይደለም። ችግሩ ከታች መንገዱ ሥር በሚያልፈው ቱቦ አፍ ላይ የሚከማቸው ደለልና ፌስታል ነው። ይህ ውጤት እሷ ከጠበቀችው የተለየ ነበር፤ እኛም ደስ አላለንም፤ ፌስታሉ የእኛው ነዋ! እሷ ግን ያገኘችውን እንዳለ ጻፈችው። መምህሯ ዛሬ ደብዳቤ ሲጽፉላት የሚጽፉት ይህንን ነው። ተማሪዋ ከጠበቀችው ውጭ ውጤት ስታገኝ አልሸሸችም ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ዋስ ከየት ይመጣል?

አሁን ልጆቻችን የሚወዳደሩት ከማን ጋር እንደሆነ እንመልከት። በአሜሪካ አገር ኤም አይ ቲ የሚባለው የታወቀ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ምርምር የሚሠሩበትን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም ተማሪዎች የበጋ ዕረፍታቸውን አበል እየተከፈላቸው በላቦራቶሪ እንዲያሳልፉ የሚያደርገውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ጀምሯል። ይህ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ 10 ሳምንት ያህል ይቆያል። በፋውንዴሽኑ ገንዘብ የሚገቡትም የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ ሆኖ ማመልከት አይቻልም። ነገር ግን ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ፣ ሌላም ቦታ ዘመድ ያላችሁ፣ ልጆቻቸው ምህንድስና የሚማሩ ከሆነ ይህንን ንገሯቸው። እዚያው ሆነው ሳያውቁት የሚያልፋቸው አሉና።

የእኛ ልጅ ይህን የመሰለ ዕድል ያለው ተማሪ ባመለከተበት ቦታ ነው የሚያመለክተው። ታዲያ ምን ይዞ ይቅረብ? እኛም አገር መንገድ አለ። አንደኛው የአምስተኛ ዓመት የመመረቂያ ጥናት ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ዓመት ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ግንባታ ቦታ የሚወጡበት የሥራ ልምምድ ነው። ሦስተኛው በፈቃድ መምህርን መርዳት ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማንም በአንድ ቀን መካኒክ አልሆነም፤ መጀመሪያ ቁልፍ አቀባይ ነበር። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ "መምህር፣ የሚረዳዎት ሰው ቢያስፈልግ እኔ አለሁ" ብሎ መረጃ መመዝገብ፣ ናሙና መሸከም፣ ዕቃ ማጠብ ነውር አይደለም። ሥራውን የሚማረው፣ መምህሩም እሱን የሚያውቁት እዚያ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ልናገር። የመመረቂያ ጥናት በገንዘብ የሚያጽፉ ልጆች አሉ ይባላል። ወላጅም ሳያውቅ "የፕሪንት" እየተባለ ገንዘቡን ይሰጣል። በቡድን ሲሠራም አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ወረቀቱ ሊያስመርቅ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ውጭ ያለው ፕሮፌሰር ልጁን በቪዲዮ ጠርቶ "ይህን ለምን በዚህ መንገድ ለካኸው?" ሲለው የገዛ ልጅ ምን ይመልሳል? የሠራ ልጅ እንግሊዝኛው ቢሰበርም ይመልሳል።

ከአገራችን ሰዎች የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌን ስም የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኤም አይ ቲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ1988 ከበርክሌይ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በ1992 እንደገና ከኤም አይ ቲ ዶክትሬት አግኝተዋል። ስማቸው የታወቀው ግን በዲግሪ ብዛት ሳይሆን ነዳጅን ሳያቃጥሉ ኤሌክትሪክ ለሚያወጡ መሣሪያዎች በሚሆን አዲስ ቁስ ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ በሠሩት ሥራ ነው።

ወደ ቀን ቆጠራው ልመለስ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመስከረም ትምህርት ማመልከቻ የሚዘጉት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። ማለትም ትምህርቱ ከመጀመሩ ስምንትና ዘጠኝ ወር አስቀድሞ። ልጁ ሐምሌ ላይ ተመርቆ "ትንሽ ልረፍ" ካለ፣ መስከረምና ጥቅምት ሳይታወቁ ያልፋሉ። መምህራንም ደብዳቤ ለመጻፍ ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋሉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ይጻፍልኝ ማለት ድፍረት ነው። ልጁ ራሱም ለምን መማር እንደፈለገ የሚገልጽ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ያ ጽሑፍ "ከልጅነቴ ጀምሮ ምህንድስና እወድ ነበር" የሚል ከሆነ አንባቢው ይሰለቻል። ምን እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደሠራ፣ ምን እንደቀረውና ያንን በየትኛው ፕሮፌሰር ዘንድ ሊቀጥል እንደሚፈልግ ይጻፍ።

ነጥብን በተመለከተ ብዙዎቹ ከ4.00 ውስጥ ቢያንስ 3.00 ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጥናት አለኝ ብሎ ክፍል መቅረት አይቻልም። ጂ አር ኢ የሚባለውን ፈተና ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙ የምህንድስና ክፍሎች መጠየቅ ትተዋል ወይም በአመልካቹ ፈቃድ አድርገውታል። ስለዚህ ሳይጠይቁ በዶላር መክፈል ሞኝነት ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናም ቢሆን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ለተማረ የሚምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የማመልከቻ ክፍያንም ቀድሞ በደብዳቤ ለጠየቀ የሚተዉ አሉ። ሁሉም በየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ እያንዳንዱን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እባካችሁ ይህን በደንብ አድምጡኝ፤ ቤት የሚያሸጠው ይህ ነውና። "ተቀብለንሃል" የሚል ደብዳቤና "እንከፍልልሃለን" የሚል ደብዳቤ የተለያዩ ናቸው። በአሜሪካ በምህንድስና ለዶክትሬት የሚቀበሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ተማሪው በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት እየሠራ የትምህርቱን ክፍያ ይተዉለታል፤ ለመኖሪያ የሚሆን አበልም ይከፍሉታል። ለዶክትሬትም ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት የሚቻልባቸው ብዙ ናቸው። ለማስተርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ራሱ ተማሪው ነው። በጀርመን ደግሞ ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ሆኖም ተማሪው ለመኖሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። ዶክትሬት ለመግባትም እዚያ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ማስተርስ ያስፈልጋል።

አንድ ጎረቤታችን ለአንድ ደላላ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ለልጃቸው የቅበላ ደብዳቤ አመጡ። ደብዳቤው የሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሙሉውን ክፍያ ተማሪው የሚችልበት የማስተርስ ትምህርት ነበር። ቤተሰቡ ደስ ብሎት ጎረቤት ከጠራ በኋላ ነው ቁጥሩን ያየው። ልጁም አልሄደ፤ ገንዘቡም አልተመለሰ። ደላላው ያደረገው ልጁ ራሱ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ሊያደርገው የሚችለውን ነው። ማመልከቻው የሚሞላው በተማሪው እጅ ነው፤ ክፍያውም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ከዚህ ውጭ "ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል ካለ ወደ ጽሕፈት ቤታችን አምጡትና አብረን እንጠይቀው።

ደግሞ ድጋፍ ያለው ደብዳቤ ሲመጣ አንዳንዱ በድንጋጤ ለመጀመሪያው ይፈርማል። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ደንብ መሠረት ተማሪው የገንዘብ ድጋፍ ላለው ቅበላ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን ድረስ አስቦ የመመለስ መብት አለው።

ሁሉም ውጭ ይሂድ ማለቴም አይደለም። እዚሁ አገራችን ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታ ሆኗል፤ ለድኅረ ምረቃም የመግቢያ ፈተና አለ። ለፈተናው ማጥናት የራሱ ሥራ ነው። ፈተናውን አልፎ ሲገባ ግን የሚጠብቀው ጥናት ነው። ተማሪ ሳለ ጥናት የለመደ ልጅ እዚህም እዚያም አይቸገርም።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀውን ላጠቃልል።

አንደኛ፣ ተማሪ ልጆች መለኪያ ይዘው ሲመጡ ከዩኒቨርሲቲያቸው የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤ ካላቸው አስገቧቸው። ከዛሬ ጀምሮ ማኅበሩ ደብዳቤውን መዝግቦ በዚህ ሰሌዳ ላይ ያስታውቃል፤ ስለዚህ የሚያስደነግጥ ነገር አይኖርም።

ሁለተኛ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ልጁን "ምን ሰዓት ነው የምትገባው? ሱቁን ማን ይጠብቅ?" እያልን አናዋክበው። በተለይ ሴት ልጆቻችን ከላቦራቶሪ መጥተው እንጀራ የሚጋግሩት፣ ውኃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው። ወንድም ቤት ተቀምጦ እህት የምትሠራበት ነገር በጥናቷ ላይ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ለደላላ አትክፈሉ። ለመክፈል ከመወሰናችሁ በፊት ወረቀቱን አሳዩን።

አራተኛ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍት ይሆናል። ሁለት ጠረጴዛና መብራት አለን። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የሰፈራችን ሰው በወሩ መጀመሪያ ሐሙስ ተገኝተው የልጆቹን ጽሑፍ ሊያዩላቸው ቃል ገብተዋል። ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ነው።

አምስተኛ፣ የልጅቷ ጥናት ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል። የቱቦውን አፍ የማጽዳት ሥራ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ስለሚደረግ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ እንዲገኝ፤ ቀኑ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ልጅ ለፍቶ ያገኘውን መልስ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን ክረምት ሲመጣ እንደገና በባልዲ ውኃ ብንቀዳ የሚያሳፍረው እኛን ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።